ውሃ የቀረጸው ተራራ

ተራራ እንዴት ይፈጠራል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የትምህርት ቤቱ መልስ ነው፤ ሁለት የምድር ቅርፊቶች ይጋጫሉ፣ መሬቱ ይጨማደድና ሽቅብ ይነሣል። ሂማላያ በእርግጥም እንዲህ ነው የተፈጠረው፤ ሕንድ ዛሬም እስያን መግፋቷን አልተወችም። ይህን መልስ ይዞ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው ግን ፊቱ የተዘረጋውን ነገር ሳያየው ይመለሳል።

ስሜን ላይ የተጨማደደ ነገር የለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ ቅልጥ ዐለት ደጋግማ አፈሰሰች። ፈሳሹ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ሰፊ አምባ ሠራ፤ በላዩም ግዙፍ፣ ጎኑ በዝግታ የሚያዘቀዝቅ እሳተ ገሞራ ተደረበ። አገሩ በሙሉ ከፍ ሲል የተከዜ ወንዝና ገባሮቹ መቁረጥ ጀመሩ። እነዚያ ሹል ጫፎች ውሃ ያልወሰዳቸው ቅሪቶች ናቸው። 4,533 ሜትር የሚደርሰው ራስ ዳሽን ራሱ የዚያ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው።

ማስረጃው እዚያው ነው። ከግጭ ካምፕ ወደ እሜት ጎጎ ጫፍ ወጥታችሁ ፊት ለፊት ያለውን ገደል ተመልከቱ። ዐለቱ ከዳር እስከ ዳር በአግድም ተሰምሯል። ቀጥ ብሎ የቆመው ጥቁር ግድግዳ ጠንካራ ባሳልት ነው። በመካከሉ አልፎ አልፎ ቀጭን ቀይ መስመር ይታያል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ በሁለት ፍሰቶች መካከል ረጅም ጊዜ ስላለፈ የታችኛው ዐለት ፈርሶ አፈር ሆነ፣ ቀጥሎ የመጣው ቅልጥ ደግሞ አፈሩን አቃጥሎ አቀላው። ቀዩ ለስላሳ ስለሆነ በጥፍር ሲፍቁት ይፈረፈራል። ዝናብም ቀድሞ የሚበላው እሱን ነው፤ ከሥሩ የተቦረቦረው ባሳልት ተንዶ ሲወድቅ ጠባብ እርከን ይቀራል። እርከኑ ላይ ሣር ይበቅላል፣ ዋልያ በዚያ ይሄዳል። ሰው «ዋልያ ገደል ላይ ይኖራል» ሲል ይደነቃል፤ መንገዱን ያበጀለት ግን ይህ የተቃጠለ አፈር ነው።

አንዳንድ አስጎብኚዎች ገደሉን ያወረደው አንድ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ እንደሆነ ይናገራሉ። እባካችሁ ይህን ተዉት። የጅንባር ፏፏቴ ከፊታችሁ እየወደቀ ዐለቱን ሲበላ እያሳያችሁ ሌላ ተጠያቂ መፈለግ ለእንግዳውም ለተራራውም አይበጅም። ጎብኚዎችም ጫፉ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሡ፤ የቆማችሁበት ባሳልት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

የውሃው ሥራ ዛሬም አላለቀም። በየክረምቱ ተከዜ የስሜንን ድንጋይ አድቅቆ ወደ አትባራ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወስዳል። ለማየት መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ይሻላል፤ ጉሙ ገለጥ ይላል፣ ዐለቱም በዝናብ ስለታጠበ ቀዩ መስመር ከሩቅ ይለያል።