ባልና ሚስት ሁለቱም በመሥሪያ ቤት ሲውሉ ቤት እንዴት ይተዳደራል?

ቤት ማስተዳደር ቀላል ሥራ የሚመስለው ሠርቶት ለማያውቅ ሰው ነው። መሶቡ ሞልቶ፥ ወጡ ጣፍጦ፥ ልብሱ ታጥቦ፥ ወለሉ ተጠርጎ ሲገኝ ሁሉም በራሱ የሆነ ይመስላል፤ አንድ ቀን የተጓደለ እንደ ሆነ ግን ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ የቤት ሥራ ሲሠራ የማይመሰገን፥ ሳይሠራ ሲቀር ግን የሚያስወቅስ ሥራ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ሴቶች እንደ ባሎቻቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ በባንክ፥ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ሲያገለግሉ ይውላሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ለወጥ ቤቱ ሥራ ግን እንዲህ ያለ ወሰን የተደረገለት የለም፤ ወሰን ሊያደርጉለት የሚችሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ለምሳሌ ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝተኞች የሆኑበትን፥ ሁለት ልጆችም ያሉበትን አንድ ቤት እንመልከት። እመቤቲቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ትነሣለች፤ ቁርስ ታዘጋጃለች፤ የልጆቹን ምሳ ትቋጥራለች፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል በመሥሪያ ቤቷ ትገኛለች። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከትራንስፖርት ሰልፍ ጋር ታግላ ስትገባ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች። ወጡ በስሎ እራት የሚቀርበው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዕቃ አጥባ፥ የነገውን አሰናድታ ስትተኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ይህች ሴት የምትተኛው 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ማለት ነው። ባልየውም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ነገሩን ልብ ስላላለው ነው እንጂ። ትንሹ ልጅ ግን ልብ ይለዋል፤ «እማዬ፥ አንቺ ከእኛ ጋር ቁጭ ብለሽ የምትበዪው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል።

እንዲህ ባለው ቤት ድካሙ ሲበዛ ዘመድ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ሥራሽን ተዪና ቤትሽን ያዢ» ይላል። ነገር ግን ሥራዋን ስትተው የቤቱ ገቢ ይጎድላል፤ ብዙ ዘመን የተማረችውም ትምህርት ሳይሠራበት ይቀራል። ሁለተኛው ምክር ደግሞ ምግቡን ሁሉ ከውጭ መግዛት ነው፤ ይህም ደመወዙን ከወሩ እኩሌታ በፊት ይጨርሰዋል። እኛ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ እንላለን፤ ይኸውም ስንቅ ማሰናዳትና ሥራውን መከፋፈል ነው።

ስንቅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ ወደ ዐድዋ ሲዘምት እንደ ነበረው ሁሉ፥ በቀድሞው ዘመን ዘማች ከቤቱ ሲነሣ በሶ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ድርቆሽና ቋንጣ ይሰነቅለት ነበር። የስንቅ ጥበቡ ጊዜ ባለ ጊዜ ሠርቶ ጊዜ ለሚታጣበት ቀን ማስቀመጥ ነው። ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባ ደመወዝተኛም እንደ ዘማች ነውና ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚበላውን ቅዳሜ ሊሰንቅ ይገባዋል።

ትርፉንም በቁጥር ማየት ይቻላል። በየማታው 2 ሰዓት ወጥ ቤት የሚቆም ሰው በ6 ማታ 12 ሰዓት ያጠፋል። ቅዳሜ 4 ሰዓት ሠርቶ በየማታው ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚጨምር ግን በሳምንት 7 ሰዓት ይበቃዋል። የተረፈው 5 ሰዓት እንቅልፍ፥ ንባብ፥ ከልጆችም ጋር መጫወቻ ይሆናል። ስለ አሠራሩ የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ፥ ስለ ጤፍና ስለ እንጀራ። ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለ ሆነ፥ አዲሱ እህል ወደ ገበያ በሚገባበት ወራት ዋጋው ብዙ ጊዜ ይረግባል። አቅም ያለው ሰው በዚያን ጊዜ የዓመቱን ወይም የመንፈቁን ቢሸምት ይጠቀማል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ እንደ በቆሎና እንደ ስንዴ ነቀዝ አያጠቃውም፤ በደረቅ ስፍራ ከተቀመጠ ብዙ ይቆያል። ዱቄቱ ግን እንደ ፍሬው አይቆይምና በየወሩ የሚበቃውን ብቻ ማስፈጨት ይሻላል።

ሊጡ ረቡዕ ማታ ቢቦካ ለቅዳሜ ይደርሳል፤ ይህም ከሩብ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ቅዳሜ ጧት በላዩ ያቀረረው ውሃ ተቀድቶ አብሲት ይጣልበታል፤ ኩፍ እስኪል ድረስ ሌላ ሥራ ይሠራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚደርስ ኃይል የሚበላ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዛሬ 8 ነገ 8 እያሉ ደጋግሞ ከማሞቅ፥ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ የሳምንቱን ሁሉ አከታትሎ መጋገር ገንዘብ ያድናል። የተጋገረው በሰፌድ ላይ በደንብ ሳይበርድ አይደራረብ፤ ወበቁ ቶሎ ያሻግተዋልና። በመሶብ የተቀመጠ እንጀራ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን መሻገት ስለሚጀምር እኩሌታው በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። የተራረፈውም ሳይሻግት ተቆራርሶ ይድረቅ፤ ድርቆሽ ይሆናል፤ እንግዳ በድንገት የመጣ ቀንም ያኮራል።

እንጀራ ገዝቶ መብላትስ ነውር ነውን? ነውር አይደለም። ባልና ሚስት ብቻ በሚኖሩበት ቤት የጤፉ፥ የወፍጮው፥ የመብራቱና የጉልበቱ ዋጋ ቢደመር መግዛቱ ሊረክስ ይችላል። ቤተ ሰቡ ሲበዛ ግን ብዙ ጊዜ መጋገሩ ይረክሳል። ይህን መቁረጥ የሚገባው በሂሳብ ነው እንጂ «ሙያ የላትም» የሚለውን የጎረቤት ሐሜት በመፍራት አይደለም።

2ኛ፥ ስለ ወጥ። ከወጥ ሥራ ሁሉ ጊዜ የሚበላው ቁሌቱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ 2 ወይም 3 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ተከትፎ፥ ቀስ ብሎ በስሎ፥ ዘይትና በርበሬ ገብቶበት ይቁላላ። ከበረደ በኋላ በሦስት ዕቃ ተከፍሎ፥ የመጀመሪያው በማቀዝቀዣ፥ የቀሩትም በበረዶ ቤቱ ይቀመጡ። ይህ ከተሰናዳ ሰኞ የምስር ወጥ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ማክሰኞ ድንች ወይም ሥጋ ይጨመርበታል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤት ሽሮና ጎመን አሉ፤ ሽሮ ከ20 ደቂቃ የበለጠ አያስቆምም። ሐሙስ በተረፈው እንጀራ የቋንጣ ፍርፍር ይሠራል። ሽንብራና ባቄላ የሚቀቀል እንደ ሆነ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይደር፤ ቶሎ ስለሚበስል ጊዜም ማገዶም ይተርፋል። ያደረ ወጥ ሲቀርብ መሞቅ ብቻ ሳይሆን እስኪንተከተክ መፍላት አለበት።

ቅርጫ በሚገቡበት በዓል ሥጋውን ሁሉ በሦስት ቀን ከመጨረስ ጥቂቱን ዘልዝሎ፥ በጨውና በበርበሬ አሽቶ ቋንጣ ማድረግ ለወራት ይጠቅማል። ቅቤም በኮረሪማ፥ በአብሽና በበሶብላ ተነጥሮ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

3ኛ፥ ስለ ቁጠባ ወሰን። ቁጠባ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጤና የሚጎዳ ቁጠባ ኪሳራ ነው። ለምሳሌ ርካሽ ነው ብሎ የጓያ ሽሮ ዘወትር መብላት አይገባም፤ ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ለወራት የበላ ሰው እግሩ እስከ መስነፍ እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሽሮ ሲገዛ ከምን እህል እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባል፤ ከሁሉ የሚሻለው አተሩን ወይም ሽንብራውን ራስ ገዝቶ ማስፈጨት ነው። እንዲሁም ከልጆች ላይ ወተትና እንቁላል ቀንሶ ለግብዣ የሚያባክን ቤት ቆጥቤአለሁ ሊል አይችልም።

4ኛ፥ ስለ ልብስና ስለ ውሃ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የአጠባው ቀን መወሰን ያለበት በውሃው ቀን ነው። ልብሱ ማታ ተዘፍዝፎ ቢያድር ጧት እድፉ በቀላሉ ይለቃል። የመጨረሻው እጥበት ውሃም ሳይደፋ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ይጠቅማል። የገቢውና የወጪው መዝገብም በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ምን እንዳለቀና ምን እንደ ተገዛ ሁሉም ያየዋል። ሽንኩርትና ድንች በየቀኑ ከሱቅ በጥቂቱ ከመግዛት በሳምንት አንድ ጊዜ ከገበያ መሸመት ይረክሳል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሁሉ ግን በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ብቻ ከተጣለ፥ የሳምንቱን ድካም ወደ ቅዳሜ ማዛወር እንጂ ማቃለል አይሆንም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ስለዚህ ነው። ቅዳሜ ጧት እርሷ ስትጋግር ባልየው ሽንኩርቱን ይክተፍ፤ ታላቂቱ ልጅ ምስር ትልቀም፤ ታናሹም ዕቃ ያመላልስ። በሥራ ቀን ማታ ደግሞ ቀድሞ የገባው ሰው ወጡን ይጣድ። ወንድ ልጅ ወጥ መሥራት ቢማር ክብሩ አይቀንስም፤ ከቤቱ ርቆ ለትምህርት ወይም ለሥራ በሄደ ጊዜ እናቱን ያመሰግናል። ለሹም የሚያንስ ሥራ ነው የሚል ቢኖር፥ ሕጉን ያንብብ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የመከባበር፥ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ እንዳለባቸው፥ ቤተ ሰቡንም በማስተዳደር ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በመሥሪያ ቤቱ ሕግ የሚያስከብር ሰው በቤቱ ሊዘነጋው አይገባም።

የቤት ሠራተኛ ያላቸውም ቤቶች ይህ ምክር አይመለከተንም አይበሉ። ከገጠር የመጣች ልጅ ከሌሊት እስከ ሌሊት እንድትሠራ አድርጎ እመቤቲቱ ዐረፈች ማለት፥ ድካሙን ከአንዷ ጫንቃ አንሥቶ በሌላዋ ላይ መጫን ነው። ለእርሷም የሥራዋ ሰዓት ይለይላት፤ የማታ ትምህርት የምትማርበት ጊዜ ይሰጣት፤ ደመወዟ በቀኑ ይከፈላት። ቤቱ ስንቅ ያለውና ሥራው የተደለደለ ከሆነ ይህን ማድረግ አያስቸግርም።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ልፈጽም የሚል ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው እንዳይሆን ያስፈራል። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ የቤተ ሰብ ሰው በቤት ሥራ ላይ ያጠፋውን ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ። ቅዳሜ ማታ መዝገቡ በሁሉ ፊት ይነበብ። ብዙ አባወራ ከዚያ ቀን በፊት በቤቱ ማን ምን ያህል እንደሚደክም አያውቅም፤ የሰዓቱን ልክ በዓይኑ ካየ በኋላ ግን ማንም ሳይነግረው ቢላዋ ያነሣል። በሁለተኛው ሳምንት ቁሌቱ፥ በሦስተኛው እንጀራው፥ ቀጥሎም ሌላው ይጨመር።

የቤት ቁጠባ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ገንዘብ ብቻ ነው። ገንዘብ ግን ቢጎድል በሌላ ወር ሊሞላ ይችላል፤ ልጅ ከእናቱ ጋር በገበታ ሳይቀመጥ ያለፈው ማታ አይመለስም። ስለዚህ የትንሹ ልጅ ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል። ስንቁ ከተሰናዳና ሥራው ከተከፋፈለ፥ ማታ 1 ሰዓት ላይ መሶቡ ሲከፈት እናትም ከሁሉ ጋር ቁጭ ብላ ትቆርሳለች።