ምች እና 152,260 ፊደላት

ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች የወጡበትን ሰው ምን ነካህ ብለን ስንጠይቀው መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ምች መታኝ ይላል። ፀሐይ ላይ ውያለሁ ይላል፤ ቤት ያለ ሰው ደግሞ ዳማከሴ ፍለጋ ይወጣል። ሐኪም ቤት ከሄደ ሌላ ነገር ይነገረዋል፤ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ አንድ የተባለ ቫይረስ ነው ይሉታል። በሕዝቡ ዘንድ ምች የሚባለው ራስ ምታቱም ትኩሳቱም ጭምር ስለሆነ ሁሉም ምች ሄርፒስ ነው ማለት አይቻልም። እዚህ የማነሳው የከንፈሩን ቁስል ብቻ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ከአያቱና ከሐኪሙ አንዱን መምረጥ ያለበት ይመስለዋል። እኔ ግን መምረጥ አያስፈልግም እላለሁ። አያቶቻችን ቀስቃሹን በትክክል አውቀውታል፤ ያላዩት የሚቀሰቀሰውን ነው፤ በዓይን የሚታይ አይደለምና ሊያዩትም አይችሉም ነበር። ሁለቱን የሚያስታርቀው ማስረጃ ያለው በቫይረሱ ዲኤንኤ ውስጥ ነው።

ዲኤንኤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ በሚባሉ አራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ጥንድ ክር ነው። ፊደላቱን በተራቸው ለማንበብ ያስቻለውን ዘዴ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሳንገር እ.ኤ.አ. በ1977 ካምብሪጅ ላይ አስተዋወቀ። የክሩ ቅጂ ሲሠራ እየተባዛ ያለው ሰንሰለት በአንድ በተመረጠ ፊደል ላይ እንዲቆም ያደርጋሉ፤ የተቆራረጡትን ቅጂዎች በርዝመት ይደረድሯቸዋል፤ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ሲሄዱ የፊደሉ ቅደም ተከተል ይገለጣል። በዚያን ጊዜ በአንድ ዙር የሚነበበው ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ ስለነበር የሄርፒስ ዘመዶችን ማንበብ የዓመታት ሥራ ነበር። ኤፕስታይን ባር የሚባለው በ1984 ተነበበ፤ በልጅነት ጉድፍ፣ በጉልምስና አልማዝ ባለጭራ የሚያመጣው በ1986 ተከተለ፤ 124,884 ፊደል ነው። የከንፈሩን ቫይረስ ዳንከን ማክጌክና ባልደረቦቹ ግላስጎው ውስጥ በ1988 ጨረሱት። ድምሩ 152,260 ፊደል ሆነ። ከሰው ሦስት ቢሊዮን ፊደል ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ ያም ሆኖ ዕድሜ ልክ ከሰው ጋር ለመኖር በቅቶታል።

ንባቡ ካሳየው ሁሉ የሚገርመኝ አቀማመጡ ነው። ጂኖሙ፣ ማለትም ሙሉው የፊደላቱ ሰንሰለት፣ ሁለት ክፍል አለው፤ ረጅሙ ክፍል መካከሉ ወደ 108 ሺህ፣ አጭሩ ደግሞ ወደ 13 ሺህ ፊደል ነው። እያንዳንዱ ክፍል በሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለው፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው የተገለበጠ ነው። ነጠላ በሁለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት ጥለት ስላለው አዙረን ብንለብሰው ልዩነቱ እንደማይታወቅ፣ እነዚህም ክፍሎች ቢዞሩ ጫፎቻቸው ይገጥማሉ። በእርግጥም ቫይረሱ ሲባዛ ይዞራሉ፤ ስለዚህ በአንድ ሰው ቁስል ውስጥ አራት ዓይነት አቀማመጥ በእኩል መጠን ይገኛል፤ ዘረመሎቹ ግን ያው ናቸው። በ1988ቱ ንባብ ሰባ ያህል ፕሮቲኖችን የሚያዙ ዘረመሎች ተለይተዋል፤ ባዶ ቦታ እምብዛም የለም፤ አንዱ ዘረመል በአንዱ ክር ወደ ቀኝ፣ ሌላው በማዶው ክር ወደ ግራ ይነበባል። የምችን ነገር የሚፈታልንም አንድ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። በረጅሙ ክፍል ጫፍ ላይ ቫይረሱን ለሥራ የሚያስነሳ አይሲፒ ዜሮ የተባለ ዘረመል አለ፤ በዚያው ቦታ፣ በማዶው ክር፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚነበብ ላት የሚባል ሌላ ዘረመል ተደርቧል።

ቫይረሱ የከንፈር ቆዳ ህዋስ ውስጥ ሲገባ ይዞት የሚመጣ አንድ ፕሮቲን አይሲፒ ዜሮን ጨምሮ የመጀመሪያዎቹን ዘረመሎች ያበራል። እነሱ ዲኤንኤ የሚያባዙትን ያስነሳሉ፤ በመጨረሻ የቫይረሱን ልባስ የሚሠሩት ይከተላሉ፤ ህዋሱም ይሞታል። ከዚያ የተወሰነው ቫይረስ በነርቭ ጫፍ ገብቶ ጆሮ አካባቢ ከራስ ቅል ሥር ወዳለው የነርቭ ቋጠሮ ይጓዛል። በነርቩ ውስጥ ያለው ጉዞ ረጅም ነው፤ ቫይረሱ ይዞት የመጣው ያ ፕሮቲን በበቂ መጠን አይደርስም። የመጀመሪያዎቹ ዘረመሎች ሳይበሩ ይቀራሉ፤ ዲኤንኤው ክብ ሠርቶ በህዋሱ ፕሮቲኖች ተጠቅልሎ ይተኛል። በዚህ ጊዜ በብዛት የሚነበበው ላት ብቻ ነው፤ ፕሮቲን አይወጣውም፤ መነበቡ ግን ዝምታውን ለመጠበቅ ያግዛል። የሰውነት መከላከያ የሚያድነው የቫይረስ ፕሮቲን እምብዛም የለምና ቫይረሱ አይታይበትም። ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲመጣ ዝምታው ይሰበራል፤ ቫይረሱም በዚያው ነርቭ ወርዶ እዚያው ከንፈር ላይ ይወጣል።

ፀሐይቱ እውነት ትቀሰቅሳለች ወይስ ግምት ነው? በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ ጥሩ መልስ አለው። ምች የሚደጋግማቸው 38 ሰዎች ከንፈራቸው ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ተለቀቀባቸው። መከላከያ የሌለው ቅባት ሲቀቡ 27ቱ ላይ ቁስሉ ወጣ፤ የፀሐይ መከላከያ ሲቀቡ ግን በአንዳቸውም ላይ አልወጣም። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውለው ገበሬ ሁሉ ለምን ምች አይመታውም የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፀሐይ የምትቀሰቅሰው ያለውን ነው፤ ቫይረሱ ካላቸውም መካከል ብዙዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁስል አያዩም። ቤሩት ውስጥ ማር ሚካኤል በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናስብ። የሳምንቱ ድካም ሳይወጣላት በእሑድ ዕረፍቷ ባሕር ዳር ውላ ከንፈሯ ቢቆስል፣ የቤሩት ፀሐይ መታኝ ብትል አልተሳሳተችም። ቫይረሱን ግን ምናልባት ያገኘችው ገና ሕፃን ሳለች፣ አገር ቤት፣ ከአንድ ዘመድ መሳም ነው። በአፍሪካ አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነውና።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ይህ ሁሉ ፊደል ተነቦ ምን አዳነ ይላል። ዋናው መድኃኒት አሲክሎቪር ጂኖሙ ከመነበቡ በፊት የተገኘ መሆኑን አልክድም፤ ከፈጣሪዎቹ አንዷ ገርትሩድ ኤልየን ኖቤል የተሸለመችው ንባቡ ባለቀበት በዚያው በ1988 ነው። ጂኖሙ የሚያስረዳን መድኃኒቱ ለምን ቁስሉን እንደሚያሳጥርና ለምን ከሥሩ እንደማይነቅለው ነው። አሲክሎቪር መሥራት የሚጀምረው ታይሚዲን ካይኔዝ የተባለ የቫይረሱ ፕሮቲን ሲያነቃው ነው፤ የተኛ ቫይረስ ደግሞ ይህን ፕሮቲን አይሠራም። መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ቫይረሶችም በአብዛኛው በዚያው ዘረመል ፊደል የተለወጠባቸው ናቸው። ሌላ ቅሬታም አለ፤ የተነበበው የግላስጎው ቫይረስ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል። ይህን በግማሽ እቀበላለሁ። በ2014 የታተመ ንጽጽር የኬንያ ናሙናዎች ከአውሮፓና ከአሜሪካ ይልቅ እርስ በርሳቸው በሰፊው እንደሚለያዩ አሳይቷል፤ ልዩነቱ ግን ፊደል እዚህም እዚያም መለወጡ ነው። የዘረመሎቹ ተራ አንድ ነው፤ የእንቅልፉም ታሪክ እንደዚያው።

እንግዲህ ምች የሚደጋግምህ አንባቢ ፀሐይ ላይ ከመዋልህ በፊት ከንፈርህን የፀሐይ መከላከያ ቅባ፤ ባይኖር ባርኔጣ አድርግ። ቁስሉን በነካህበት እጅ ዓይንህን አትንካ፤ ዓይንህ ከቀላና ካመመህ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ደግሞ አራስ ቤት ሄደህ ሕፃኑን አትሳም፤ በአዋቂ ላይ የሳምንት ቁስል የሚያወጣው ይህ ቫይረስ አዲስ የተወለደን ልጅ ሊገድል ይችላል።