የደጋ መኪና ኤሲ፦ ጌጁን ከፍታው ሲያሳስተው

በሰሜን ሸዋ፣ ግሼ ራቤል ላይ ስለ መኪና ኤሲ ማውራት ለብዙ ሰው ትርፍ ነገር ይመስላል። ግሼ ብርድ ነው፤ ሙቀት አስጨንቆ መስኮት የሚያስከፍት ቀን ጥቂት ነው። ነገር ግን የግሼ መኪና ግሼ ብቻ አይውልም። በመሐል ሜዳ በኩል ወጥቶ ጣርማ በር ይደርሳል፤ ከዚያ ወይ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይ ወደ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ይወርዳል። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጋቢ ደርቦ የተነሣ ተሳፋሪ ቆላ ሲገባ ላብ ያጠምቀዋል፤ ሾፌሩም ለወራት ያልነካውን የኤሲ ቁልፍ ይጫናል። ብዙ ጊዜ የሚነፍሰው ትኩስ አየር ነው።

ያን ጊዜ የሚባለው የታወቀ ነው፤ «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ።» ሾፌሩ ይከፍላል፣ ጋዝ ይሞላለታል፣ ለጥቂት ሳምንት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ነው። የችግሩ ሥር ያለው «አልቋል» በሚለው አነጋገር ውስጥ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፣ እንደ ፍሬን ሸራም አያልቅም። በተዘጋ መስመር ውስጥ የሚዞር ነው፤ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመት ከሚሾልከው ጥቂት ግራም በስተቀር በቦታው መቆየት አለበት። ከጎደለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ ጋዝ የሚሞላ ሰው ገንዘቡን ወደ ሰማይ እየለቀቀው ነው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ኮምፕረሰሩ በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ጋዙን ያምቀዋል፤ የታመቀው ጋዝ ይግላል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭው አየር ያስረክብና ጋዙ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በድራየሩ በኩል እርጥበቱን ጥሎ፣ በጠባቧ የኤክስፓንሽን ቫልቭ ሾልኮ ዳሽቦርዱ ውስጥ ወዳለው ኢቫፖሬተር ይገባል። እዚያ ግፊቱ በድንገት ስለሚወርድ ይፈላል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውንም ሙቀት ከጋቢናው አየር ይወስዳል። ዛሬ በአብዛኛው መኪና ውስጥ ያለው አር 134 ኤ በባሕር ጠለል ግፊት በ-26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ከጋዙ ጋር ዘይት አብሮ ይዞራል። ኮምፕረሰሩ ከሞተሩ ዘይት የሚደርሰው ነገር የለም፤ የሚያለሰልሰው ይህ ከጋዙ ጋር የሚመላለሰው ዘይት ብቻ ነው።

ደጋው ኤሲን የሚጎዳውም በዚሁ በኩል ነው። በኮምፕረሰሩ ፊት፣ ዘንጉ በሚወጣበት ቦታ ጋዙን ይዞ የሚያስቀር ሲል አለ። ኤሲው ካልተነሣ ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ሲሉ ይደርቃል፤ የደረቀ ሲል ጋዝ ያሳልፋል። ለዚህ ነው ከቆላ መኪና ይልቅ ኤሲው የማይነካው የደጋ መኪና ሳይታሰብ ባዶ ሆኖ የሚገኘው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ለአሥር ደቂቃ ማስነሣት ይበቃል። ቅዝቃዜውን የማይፈልግ ሰው የሙቀቱን ቁልፍ ወደ ሙቅ ያዙረው፤ ኮምፕረሰሩ ይሠራል፣ ጋቢናው ግን ይሞቃል።

እንዲያውም ለግሼና ለመንዝ ሰው የኤሲ ትልቁ ጥቅም ማቀዝቀዙ አይመስለኝም። ክረምት ላይ ጉሙ የመንዝን የጓሳ ደጋ ሲሸፍን፣ እርጥብ ልብስ የለበሱ ተሳፋሪዎች መኪናውን ሲሞሉት፣ የፊት መስታወቱ በውስጥ በኩል በእንፋሎት ይደፈናል። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ እየጠረገ ገደል ዳር ይነዳል። ኤሲው ሲነሣ አየሩ በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር ላይ ሲያልፍ እርጥበቱን ጥሎ ይመጣል፤ ከዚያ በማሞቂያው ሞቆ መስታወቱን ሲነካ እንፋሎቱ ወዲያው ይገፈፋል። በዚህ መንገድ ላይ ኤሲ ከፍሬንና ከመብራት ተርታ የሚቆጠር የደኅንነት ዕቃ ነው። ውርጭ ባለበት ማለዳ ኮምፕረሰሩ እምቢ ቢል ግን ተበላሸ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ መኪኖች የውጭው አየር ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እንዳይሠራ ኮምፕረሰሩን ራሳቸው ያቋርጡታል።

አሁን ወደ ጌጁ እንምጣ፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራው እሱን በማንበብ ነው። ሰማያዊና ቀይ ቱቦ ያለው የኤሲ ጌጅ የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር ግፊት በላይ ወይም በታች ያለውን ልዩነት ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ንፍሮ መንዝ ላይ ለመብሰል የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውኃው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይግልም። ጌጁም ከዚያው አየር ስለሚነሣ፣ በመስመሩ ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት ሳይለወጥ ከባሕር ዳርቻው ንባብ 4 ፒኤስአይ ተኩል ያህል አስበልጦ ያሳያል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በሆነበት ቀን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፈሳሽ ጋዝ ያለበት መስመር ባሕር ዳርቻ 46 ፒኤስአይ ገደማ ሲያነብ ራቤልን በመሰለ ከፍታ 50 ያነባል።

4 ፒኤስአይ ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ባለሙያ ከሠንጠረዥ ላይ «ዝቅተኛው መስመር 30 ይሁን» የሚለውን አንብቦ እዚያ ላይ ቢያቆም፣ ባሕር ዳርቻ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ ያለው ጋዝ በ1 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይፈላል፤ እዚህ ግን ያው 30 ከዜሮ በታች ወደ 1 ዲግሪ ተኩል ይወርዳል። አንዱ ከውርጭ በላይ፣ ሌላው ከውርጭ በታች ነው። ኢቫፖሬተሩ በረዶ ይለብሳል፣ የአየሩ ንፋስ እየደከመ ይሄዳል፤ ሾፌሩም «መጀመሪያ ይነፍሳል፣ ቆይቶ ይታፈናል» እያለ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ የከፋ ሌላ ስሕተት አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በመስመሩ ውስጥ ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ መጠኑ አይደለም። 100 ግራም ያለበትም 500 ግራም ያለበትም መኪና በአንድ ማለዳ እኩል ያነባሉ። ሞተሩ ተነሥቶም ቢሆን ብርድ ያታልላል። የግፊት ሠንጠረዦች በአብዛኛው የሚጀምሩት ከ18 ዲግሪ ነው፤ በ10 ዲግሪ ኮንደንሰሩ በቀዝቃዛ አየር ስለሚመታ የቀዩ ቱቦ ግፊት ከፍ አይልም። ባለሙያው «ገና ነው» ብሎ ይጨምራል፣ ይጨምራል። እዚያው ላይ የሚጎረብጥ ነገር አይታይም። መኪናው ሸዋ ሮቢት ወርዶ ፀሐይ ሲመታው ነው ትርፉ ጋዝ ኮንደንሰሩን በፈሳሽ ሞልቶ ግፊቱን ወደ ላይ የሚያስፈነጥረው። መከላከያው ስዊች ኮምፕረሰሩን ያጠፋዋል፣ ትንሽ ቀዝቅዞ ያበራዋል፣ እንደገና ያጠፋዋል። ሰውም «የሸዋ ሮቢት ሙቀት ኤሲዬን ገደለው» ይላል፤ የገደለው ግን ደጋ ላይ በጌጅ የተለካው ሙሌት ነው።

መፍትሔው ሚዛን ነው። በኮፈኑ ስር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የጋዙ ዓይነትና ክብደት ተጽፏል፤ ለትናንሽ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው፣ ከኋላም ኤሲ ያላቸው ሚኒባሶች ብዙ ይይዛሉ። ያለውን ጋዝ በማሽን መልሶ መውሰድ፣ ቀዳዳውን መድፈን፣ መስመሩን ባዶ ማድረግ፣ ከዚያ በዲጂታል ሚዛን የተጻፈውን ያህል ግራም ማስገባት ነው። ግራም ራቤልም ጅቡቲም ያው ግራም ነው። ወጪ የሚያስወጣ መሣሪያ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሚዛን ሳይዙ ጋዝ መሙላት ሥራ ነው ብዬ አላምንም።

ቀዳዳውን ለመፈለግ ደግሞ የመንዝ አቧራ ራሱ ይረዳል። ጋዝ በሚሾልክበት ቦታ ዘይት አብሮ ይወጣል፣ ዘይቱም አቧራ ይይዛል። የቱቦው ብረት ከጎማው የተጨመቀበትን አንገት፣ የኮንደንሰሩን የታች ጥግ፣ የኮምፕረሰሩን ፊት በባትሪ መብራት ማየት ነው፤ ሌላው ደረቅ አቧራ ሲሆን እዚያ ጠቆር ያለ፣ በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ጭቃ ይገኛል። ካልተገኘ በናይትሮጂን ነፍቶ የሳሙና አረፋ መቀባት ነው።

ባዶ ማድረጉም በከፍታ ይሳሳታል። ቫኪዩም ፓምፕ የሚሠራው አየሩንና እርጥበቱን ለማውጣት ነው፤ እርጥበት ቀርቶ ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ከከረመ አሲድ ይሆናል፣ ቫልቩ ላይም በረዶ ሆኖ ይዘጋል። ባሕር ዳርቻ የተማረ ሰው መርፌው ከዜሮ በታች ወደ 30 ኢንች እስኪጠጋ ይጠብቃል። በ3,000 ሜትር ግን ፍጹም ባዶ የሆነ መስመር እንኳ ከ21 ኢንች በታች ነው የሚያነበው፤ አዲስ አበባ ላይ 22 ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ደኅናውን ፓምፕ «ደክሟል» ብሎ ይጥላል፣ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ሁነኛው መሣሪያ ግፊቱን ከፍጹም ባዶ ተነሥቶ የሚለካው ማይክሮን ጌጅ ነው፤ ከ500 ማይክሮን በታች ወርዶ ፓምፑ ሲዘጋ እዚያው ከቆየ መስመሩ ደረቅና ድፍን ነው።

ብርዱ እዚህም ይገባል። ውኃ በ20 ዲግሪ እንዲተን ግፊቱ ወደ 2.3 ኪሎፓስካል መውረድ አለበት፤ በ10 ዲግሪ ወደ 1.2። ስለዚህ በብርድ ማለዳ ሃያ ደቂቃ ተስቦ ደረቀ የተባለ መስመር አልደረቀም። ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቅ፣ ወይም ሥራውን ወደ ቀትር ማሳለፍ ብዙ ይቆጥባል። ጋዝ መያዣውም በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፤ ያን ጊዜ ከሰል ምድጃ ላይ የሚያስጠጋው ሰው ሕይወቱን እየጣለ ነው። ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። መያዣውን ገልብጦ፣ ሞተሩ እየሠራ በዝቅተኛው መስመር ፈሳሽ መልቀቅም ኮምፕረሰሩን ይሰብራል፤ ፈሳሽ አይታመቅም።

መያዣው ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 አር 134 ኤ ተብሎ የተሸጠ ነገር ግን ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ጋዝ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ውስጥ ከአሉሚኒየም ጋር ተዋህዶ ፈንድቷል፤ ሠራተኞችም ሞተዋል። የመኪና ኮንደንሰርና ኮምፕረሰርም አሉሚኒየም ነው። ከታወቀ ቦታ መግዛት፣ ቢቻል በጋዝ መለያ መሣሪያ ማስመርመር ያስፈልጋል።

በአገራችን እስካሁን የሚሮጡት የድሮዎቹ ዲኤክስ ኮሮላዎችና የ80ዎቹ ላንድ ክሩዘሮች የተሠሩት ለአር 12 ነበር። ያ ጋዝ ኦዞንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ቀስ በቀስ ቀርቷል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 ገብታበታለች። እነዚህን መኪኖች ወደ አር 134 ኤ ማዛወር ይቻላል፣ ግን የድሮውን ማዕድን ዘይት አውጥቶ፣ ድራየሩን ለውጦ፣ ከቀድሞው ክብደት 80 ወይም 90 በመቶውን ብቻ ሞልቶ ነው። አር 134 ኤም ኦዞንን ባይነካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ምድርን ያሞቃል፤ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኪጋሊ ማሻሻያ ለእኛ ዓይነት አገሮች ፍጆታው እ.ኤ.አ. ከ2024 እንዳይጨምር፣ በ2029 ደግሞ በ10 በመቶ እንዲቀንስ ወስኗል። ጋዙን መልሶ መውሰድና ቀዳዳን መድፈን ከአሁኑ መልመድ ያለብን ለዚህም ነው።

ኮምፕረሰሩ ራሱ ሲጮህ ወዲያው መለወጥ የለበትም። ኤሲው ጠፍቶም የሚጮህ ከሆነ የኮምፕረሰሩ ክላች ኩሽኔታ ነው፤ ለብቻው ይለወጣል። ኤሲው ሲነሣ ብቻ የሚያንቋቋ ከሆነ የውስጡ ነው። ያን ጊዜ ሰው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ኮምፕረሰር ይገዛል። አፉ ክፍት ሆኖ የተቀመጠውን አትግዙ፤ ፓግ የሚባለው ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። የድሮው ውስጡ ተፈጭቶ ከሆነ የብረት ብናኙ መስመሩን ሁሉ ይዞታል፤ ድራየሩና ኤክስፓንሽን ቫልቩ ይለወጡ፣ ቱቦዎቹ ይታጠቡ። የአሁኖቹ ኮንደንሰሮች ቀጫጭን ቦዮች ስላሏቸው ታጥበው አይጠሩም፤ አብረው መለወጥ አለባቸው። ይህን ለመቆጠብ የሞከረ ሰው ሁለተኛውንም ኮምፕረሰር ይቀብራል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ነው፤ መንዝም ይደርሳል። እዚያ ቺንጋ የለም፤ ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው በብርቱካናማ ሽቦ የሚመጣ የመቶዎች ቮልት ኃይል ነው። በብዙዎቹም ላይ ኤሲው ባትሪውን ጭምር ያቀዘቅዛል። ዘይቱ ፖሊኦል ኤስተር ነው፤ በመሙያው ቱቦ ውስጥ የቀረ ፓግ እንኳ ቢገባበት የኤሌክትሪክ መከላከያውን ያዳክምና መኪናው ኃይሉን ራሱ ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ ለኮሮላ ያገለገለው ቱቦ ሳይጸዳ ወደዚህ መኪና አይዞርም፤ በከፍተኛ ቮልት ላይ ያልሠለጠነ ሰውም ኮምፕረሰሩን አይፈታም።