የመለዋወጫ አምራቾችን አክሲዮን ለማወዳደር ምን ማየት ያስፈልጋል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ፣ በአምባሰል ወረዳ ውጫሌ ከተማን አቋርጠው የሚያልፉ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታና ባትሪ በየጊዜው ካልቀየሩ ሥራቸውን ሊቀጥሉ አይችሉም። የትኛው ዕቃ እንደሚበረክት ሾፌሩም ሆነ ጎሚስታው በልምድ ያውቃል። ይሁን እንጂ ጥሩ ዕቃ የሚያመርት ኩባንያ ሁሉ ለባለአክሲዮኑ ጥሩ ትርፍ ያስገኛል ማለት አይደለም።

ጉዳዩ ዛሬ ለኢትዮጵያውያን ቆጣቢዎች ከቀድሞው ይበልጥ ቅርብ ሆኗል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም ተከፍቷል፤ በገበያው የተመዘገበው የመጀመሪያው ኩባንያም ወጋገን ባንክ ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ዝቅተኛው መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9 ሺህ 900 ብር ነበር።

ገበያው ሥራ ሲጀምር ግን በውስጡ የመለዋወጫ አምራች አልነበረም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የሆራይዘን አዲስ ጎማ ፋብሪካ በሚድሮክ ኢንቨስትመንት ግሩፕ ሥር የሚተዳደር ነው። የውጭ ኩባንያዎችን አክሲዮን መግዛትም በውጭ ምንዛሪ ሕግ የተገደበ ነው። በመሆኑም የሌሎች አገሮች ልምድ የሚጠቅመው ነገ በአገር ውስጥ የሚቀርቡ አምራቾችን ለመመዘን ነው።

በመጀመሪያ መታየት የሚገባው የባለቤትነቱ ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተቋቋመው የጀርመኑ ቦሽ በዓለም ከታወቁት የመለዋወጫ አምራቾች አንዱ ቢሆንም፣ አብዛኛው የዋናው ኩባንያ ድርሻ በበጎ አድራጎት ድርጅት የተያዘ በመሆኑ በአክሲዮን ገበያ አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ የወጣው የጃፓኑ ዴንሶ ግን አክሲዮኑ በቶኪዮ ገበያ ይገበያያል።

ሁለተኛው የደንበኞች ብዛት ነው። ዴንሶ ከፍተኛውን ገቢ የሚያገኘው ከቶዮታ ስለሆነ የቶዮታ ሽያጭ ሲጨምርም ሆነ ሲቀንስ ሁኔታው በቀጥታ ይነካዋል። በአንድ ደንበኛ ላይ መደገፍ የሚያስከትለውን አደጋ የአሜሪካው ዴልፋይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከጄኔራል ሞተርስ የተለየው ይህ ኩባንያ፣ የሠራተኛ ወጪው በከበደበትና የዋናው ደንበኛው ምርት በቀነሰበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። የቀድሞዎቹ ባለአክሲዮኖችም ገንዘባቸውን አጥተዋል።

ሦስተኛው ዕቃው የሚሸጠው ለአዲስ መኪና ነው ወይስ ለመተኪያ የሚለው ነው። የኢኮኖሚ ችግር ሲያጋጥም ሰዎች አዲስ መኪና መግዛቱን ያዘገያሉ፤ ያለቀ ጎማ መቀየሩን ግን ለረጅም ጊዜ ሊያዘገዩ አይችሉም። የፈረንሳዩን ሚሼሊን የመሰሉ የጎማ አምራቾች አብዛኛውን ምርታቸውን የሚሸጡት ለመተኪያ በመሆኑ ገቢያቸው በአንጻራዊነት የተረጋጋ ነው።

አራተኛው የቴክኖሎጂ ለውጥ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ፣ የናፍጣ ፖምፓ፣ የሞተር ዘይትና ማርሚታ አያስፈልገውም፤ ጎማ፣ ኩሽኔታና የፍሬን ሸራ ግን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሁለት አምራቾች ዛሬ እኩል ቢያተርፉም የነገ ዕጣቸው እኩል ላይሆን ይችላል።

አምስተኛው ዕዳና የጥራት ተጠያቂነት ነው። በአደጋ ጊዜ ተሳፋሪን የሚከላከል የአየር ከረጢት ያመርት የነበረው የጃፓኑ ታካታ፣ ምርቱ በመፈንዳት ሰዎችን በመግደሉና በማቁሰሉ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ከረጢቶች እንዲቀየሩ ተደርጓል። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኪሳራውን አስታውቋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋጋው ይመዘናል። ለምሳሌ ያህል፣ የአንዱ ኩባንያ አክሲዮን 100 ብር ሆኖ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ዓመታዊ ትርፍ 5 ብር፣ የሌላው 300 ብር ሆኖ ትርፉ 30 ብር ቢሆን፣ ርካሽ የሚመስለው የመጀመሪያው ዋጋ የትርፉ 20 እጥፍ ሲሆን የሁለተኛው ግን 10 እጥፍ ብቻ ነው። የሁለቱ የወደፊት ዕድል ተመሳሳይ ከሆነ ውዱ አክሲዮን ባለ 100 ብሩ ነው።

እነዚህ መረጃዎች የሚገኙት ኩባንያው በሚያወጣው የደንበኛ ሳቢ መግለጫና ኦዲት በተደረገ ሒሳቡ ውስጥ ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም የተፈረመው የውጫሌ ውል የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የኢጣሊያንኛ ቅጂ መለያየቱ አገሪቱን እስከ ዓድዋ ጦርነት ያደረሰ ውዝግብ ማስከተሉ ይታወሳል። የተጻፈውን በሚገባ ሳይመረምሩ መፈረም በገንዘብ ጉዳይም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል።

በመሆኑም ገዢው ሻጩ በቃል የሚሰጠውን ተስፋ ሳይሆን ሰነዱን መመልከት፣ መግለጫው በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መመዝገቡን ማረጋገጥና ለዕለት ኑሮው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለአክሲዮን ከማዋል መቆጠብ ይኖርበታል።