አዲሱ ፒክአፕ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

አባባ ገዴራ ውስጥ በአትክልተኝነት ነው የሚተዳደሩት። ለዓመታት ዕቃቸውን በሰው መኪና ሲያመላልሱ ቆይተው፣ ባለፈው ዓመት ከባንክ ተበድረው አዲስ ፒክአፕ ገዙ፤ እዚህ «ቴንደር» የምንለውን ማለቴ ነው። የሻፒራ ሰፈር ጎረቤቶቻችን መጥተው «እንኳን ደስ አላችሁ» አሉን፤ ቡና ተፈላ። በሦስተኛው ሳምንት አባባ ማታ ገብተው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ የዚህ መኪና መሪ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ።

በማግስቱ ጋራዥ ሄድን። አስተርጓሚዋ እንደተለመደው እኔ ነኝ። አባባ እንዲህ አሉ፦ «ዘጠና ላይ ይጀምራል። መቶ ላይ ይብሳል። ከመቶ ትንሽ ሲያልፍ ረገብ ይላል። መቀመጫዬ ላይ የለም፣ እጄ ላይ ነው። ፍሬን ያዝኩም አልያዝኩም ያው ነው።» እኔ ወደ ሰውየው ዞሬ በዕብራይስጥ «ዬሽ ረዒዶት» አልኩ። «ንዝረት አለ» ማለት ነው። በቃ፣ ሁለት ቃል።

መካኒኩ በኢንዱስትሪው ሰፈር አንድ ዙር ነድቶ፣ ከሃምሳ ሳያልፍ ተመለሰ። «ቴንደር እኮ ነው፣ የቤት መኪና አይደለም። ትለምዱታላችሁ» አለን። የሥራ ካርዱ ላይም ጉድለት አልተገኘም ብሎ ጻፈ።

ያን ቀን በመካኒኩ ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ሆኜ፣ አባባ የተናገሩት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ራሱ ምርመራ መሆኑን አላስተዋልኩም። ሁሉንም አንድ ቃል ውስጥ ጨምቄ ጣልኩት። ብዙዎቻችሁ ለወላጆቻችሁ እንደምታስተረጉሙ ስለማውቅ፣ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሠላሳ ግራም እንዴት ሦስት ኪሎ ይሆናል?

የአንድ ፒክአፕ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 77 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አንዴ ሲዞር መኪናውን 2.4 ሜትር ያህል ያስኬደዋል። በሰዓት 100 ኪሎሜትር ስንነዳ ታዲያ ጎማው በሰከንድ ከ11 ጊዜ በላይ ይዞራል።

አሁን ቸርኬው ጠርዝ ላይ፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ 30 ግራም ትርፍ ክብደት አለ እንበል። ከመሃሉ 21 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። የሚጎትተውን ኃይል ለማወቅ ክብደቱን በርቀቱ፣ ከዚያም በአዟዟር ፍጥነቱ ካሬ ማባዛት ነው። በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት ውጤቱ 33 ኒውተን ገደማ ይመጣል፤ ማለትም ሦስት ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ነገር ጎማውን በሰከንድ 11 ጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በ50 ኪሎሜትር ግን ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ሩብ ብቻ ይሆናል፤ ካሬው ነው ይህን የሚያደርገው። በኢንዱስትሪው ሰፈር የነዳው መካኒክ ምንም ያልተሰማው ለዚህ ነው። አልዋሸም፤ ችግሩ በማይታይበት ፍጥነት ነው የፈለገው።

«ከመቶ ሲያልፍ ረገብ ይላል» የሚለውስ? ዥዋዥዌ ላይ ልጅ ገፍታችሁ ታውቃላችሁ። በዥዋዥዌው ምት ልክ ከገፋችሁ ትንሽ ጉልበት ይበቃል፤ ምቱን ከሳታችሁ ግን ብትገፉም አይነሳም። ጎማውና የተንጠለጠለበት ሞላም የራሳቸው ምት አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይሆናል። የጎማው ዙር እዚያ ምት ላይ ሲደርስ ንዝረቱ ይገንናል፣ ሲያልፈው ይቀንሳል። እና አባባ የሰጡት ገለጻ ፊዚክሱ ከሚለው ጋር አንድ ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

መሪ ሲንቀጠቀጥ ማንኛውም ጥሩ መካኒክ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው፦ መቼ? ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚሄድ ከሆነ ጥርጣሬው በሚዞሩ ነገሮች ላይ ነው፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ወይም ኃይል የሚያስተላልፉ ዘንጎች። መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ነዳጅ ስትሰጡት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሞተሩና ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ጋ ነው። ገና ከቆመበት ሲነሳ ብቻ የሚያንገጫግጭ ከሆነ፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይታይ።

ሁለተኛው፦ የት? እጅ ላይ ከሆነ በአብዛኛው የፊት ጎማ ነው፤ መሪው የተያያዘው ከፊት ጎማዎች ጋር ስለሆነ። መቀመጫና ወለል ላይ ከሆነ በአብዛኛው የኋላ ጎማ፣ ወይም ያ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ ከጎማው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚዞር የሱ ንዝረት እንደ ንብ እምም የሚል ነው፤ የጎማው ግን ትት ትት እያለ እጅ ያንቀጠቅጣል።

ሦስተኛው፦ ከምን ጋር? ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከመጣ የፍሬን ዲስኩ ውፍረት እኩል አይደለም ማለት ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ከመጣ ወደ ዘንጎቹ ይታያል። መሪው ሳይንቀጠቀጥ መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ ደግሞ የጎማዎቹ አቅጣጫ ነው፤ እዚህ «ኪቩን ፍሮንት» የሚሉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አቅጣጫ ማስተካከል ሌላ፣ ሚዛን ማስተካከል ማለትም «ኢዙን» ሌላ። አቅጣጫው የተዛባ መኪና ይስባል፣ ጎማም በአንድ በኩል ይበላል፤ ለእንዲህ ያለ ንዝረት ግን መጀመሪያ የሚታየው ሚዛኑ ነው።

አዲስ ማለት ጤነኛ ማለት ነው?

አዲስ መኪና እንዴት ይታመማል የሚል ጥያቄ እኔም ነበረኝ። ግን አስቡት፤ እዚህ የሚሸጡ ብዙ ፒክአፖች የሚሠሩት ታይላንድ ነው። መኪናው ሳምንታት በመርከብ ተጉዞ ወደብ ይደርሳል፣ ከዚያም ሜዳ ላይ ይቆማል። ያን ሁሉ ጊዜ የመኪናው ክብደት ያረፈው ጎማው ላይ አንዲት ቦታ ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ የቆመ ጎማ እዚያች ቦታ ላይ ይዘረጠጣል። የአንድ ሌሊት ከሆነ ጥቂት ኪሎሜትር ነድታችሁት ሲሞቅ ይመለሳል፤ የወራት ከሆነ ግን ላይመለስ ይችላል። ደግሞም ለጉዞው ተብሎ ጎማው ከልክ በላይ ይነፋል፤ ከሽያጭ በፊት ማስተንፈስ ከተረሳ መኪናው በየጉድጓዱ ይዘላል። ፍሬን ዲስክም ሲቆም ይዝጋል።

ሌላም አለ። እንደ አባባ በዝናብ ጊዜ እርሻና አትክልት ቦታ የሚገባ መኪና ቸርኬው ውስጥ ጭቃ ይጋገርበታል። ከላይ ያልኩትን 30 ግራም አስታውሱ፤ አንድ ጉልቻ የምታህል የደረቀ ጭቃማ ከዚያ በብዙ ትበልጣለች።

እኛ ምን አደረግን?

ቅዳሜ ካለፈ በኋላ አባባና እኔ ደብተር ይዘን ወጣን። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በ40 ቁጥር መንገድ እስከ ቅርያት መላኺ ሄደን ተመለስን፤ ከዚያ በ7 ቁጥር ወጥተን 6 ቁጥር ላይ ገባን። ከሃምሳ ጀምሮ በየአስሩ ኪሎሜትር ፍጥነቱን፣ እጅ ላይ ያለውን፣ መቀመጫ ላይ ያለውን መዘገብኩ። ደብተሩ አባባ ጋራዥ ውስጥ ካሉት አንዲት ነገር አልጨመረም።

ቀጥሎ ከቀላሉ ጀመርን። ቸርኬዎቹን ከውስጥም ከውጭም አጠብን። ጎማው ሳይሞቅ ግፊቱን ለክተን፣ የሾፌሩ በር ጎን የተለጠፈው ወረቀት እንደሚለው አደረግነው። ትንሽ ተሻለው እንጂ አልጠፋም። ያቭኔ ያለ ፓንቸሪያ ወስደን አራቱንም ጎማ ሚዛን አስደረግን፤ ማሽኑ ዜሮ አለ። ንዝረቱ ግን አለ።

ከዚያ አባባ «የፊቱን ወደ ኋላ አዙሩልኝ» አሉ። ጎሚስታው በየጎናቸው የፊትና የኋላ ጎማዎችን አለዋወጠ። ስንነዳው መሪው ዝም አለ፤ ንዝረቱ አሁን መቀመጫ ላይ መጣ! እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ። በሽታው ከጎማው ጋር አብሮ ሄዷል፤ ስለዚህ መሪውም፣ ፍሬኑም፣ ኩሽኔታውም ነፃ ናቸው።

ግን ሚዛኑ ዜሮ ከሆነ ጎማው ምን ሆኗል? የተለመደው የሚዛን ማሽን ጎማውን አየር ላይ ነው የሚያዞረው። ክብደቱ እኩል መሆኑን ያውቃል፤ መንገድ ላይ ሲጫን ግን ክብ ሆኖ መቆየቱን አያውቅም። እንጀራ ምጣዱ ላይ ክብ ይመስላል፤ በእጅ ሲነካ ነው የቱ ጋ ወፍራም እንደሆነ የሚታወቀው። ጎማም አንድ በኩል ጠንከር ካለ በየዙሩ መኪናውን ይገፋል። ይህን የሚለካ ሌላ ማሽን አለ፤ ትልቅ መንኮራኩር ጎማው ላይ ተጭኖ፣ መንገዱን መስሎ ያዞረዋል።

ደብተሩንና የፓንቸሪያውን ደረሰኝ ይዘን ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለስን። በዚህ ጊዜ የአባባን ቃል አንድ በአንድ ተረጎምኩ፤ «ከመቶ ሲያልፍ ረገብ ይላል» የምትለውንም አልተውኩም። የሥራ ኃላፊው አንብቦ ዝም አለ፣ ቀጥሎ መካኒኩን ጠርቶ በዚያ ማሽን እንዲለካ አዘዘ። አንዱ ጎማ ክብ አልነበረም። በዋስትና ተለወጠ።

የአባባ ቃላት

አባባ ወጣት ሳሉ ጎንደር ውስጥ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ፤ «ኤንትሬ» በምትባለው ፊያት ላይ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። የእስራኤል ጋራዥ ቋንቋም ቢሆን ንጹሕ ዕብራይስጥ አይደለም፤ ፓንቸር፣ ብሬክስ፣ ፍሮንት ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። እንዲያውም «ቤክአክስ» የኋላ ዘንግ ማለት ሆኖ ሳለ፣ የፊቱን ዘንግ «ቤክአክስ ቂድሚ» ይሉታል፤ «የፊት የኋላ ዘንግ» እንደማለት ነው። ሁለቱም የሠራተኛ ቋንቋ ነው፣ ሁለቱም ከሰው የተበደረ ነው። እኔ ግን አንዱን የሙያ ቋንቋ፣ ሌላውን የሽማግሌ ወሬ አድርጌ ነበር የምሰማው። ያፈርኩት በዚህ ነው።

ጋራዥ ስትሄዱ

መጀመሪያ መኪናውን የሚነዳውን ሰው አስጨርሱት፤ ቁጥሮቹን ጻፉ። «ረዒዶት» ብላችሁ አትለፉ፤ ፍጥነቱን፣ ቦታውን፣ ፍሬን ሲያዝ ምን እንደሚሆን ጨምሩ። ቅሬታው እንዲሁ በዝርዝር የሥራ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ኮፒውን ውሰዱ። አዲስ መኪና ላይ ዋስትናው ሲያልቅ በእጃችሁ የሚቀረው ማስረጃ ያ ወረቀት ነው። መካኒኩ ችግሩ በሚታይበት ፍጥነት እንዲነዳ፣ ከተቻለ ባለቤቱ አብሮት እንዲቀመጥ ጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ንዝረቱ ድንገት ከጀመረ፣ ወይም በየቀኑ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ጎማው ጎን ላይ እብጠት ካያችሁ አትንዱት። ፍሬኑን በድንገት ሳትረግጡ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙና የጎማ ብሎኖቹን እዩ። ጎማ ተፈቶ ከታሰረ በኋላም ጥቂት አሥር ኪሎሜትር ነድታችሁ ብሎኖቹን እንደገና አስጠብቁ።

አሁን መኪናው ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት አባባን ሐኪም ጋ ይዤ ሄድኩ። ዶክተሯ «ምን ያማቸዋል?» አለችኝ። በዕብራይስጥ «ጉልበታቸውን» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ወደ አባባ ዞሬ «መቼ ይጀምርዎታል?» አልኳቸው።