የቮልስ ዳሽቦርድ ከጀርባው ሲታይ

ወላይታ ሶዶ ላይ መንገዱ የባጃጅ ነው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ሲመላለስበት የሚውለው እሱ ነው። በመሀሉ ክብ ጀርባዋን ይዛ አንዲት ቮልስ ብቅ ካለች የሰው ዓይን ይከተላታል። ባጃጅና ቮልስ መልካቸው አይገናኝም፤ ጠባያቸው ግን የዘመድ ነው። የሁለቱም ሞተር ከኋላ ነው፤ ሁለቱም ራዲያተር አያውቁም፤ ሞተራቸው የሚበርደው በነፋስ ነው። ስለዚህ ባጃጅ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ የሶዶ መካኒክ አሮጌ ቮልስ ብትመጣለት ሞተሯ ብዙም አያስደነግጠውም። ትዕግሥቱ የሚፈተነው ዳሽቦርዷ ላይ ነው።

መኪናዋን ፈርዲናንድ ፖርሽ ነደፋት። ምርቷ እ.ኤ.አ. በ1938 ጀርመን ውስጥ ተጀመረ፤ የመጨረሻዋ ደግሞ በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑኤብላ ላይ ወጣች። በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለደችው የመጀመሪያዋ የፖርሽ ስፖርት መኪና፣ 356፣ የተገጣጠመችው በአብዛኛው ከእሷ ዕቃ ነው። ቮልስን እንደ ተራ መኪና ቆጥሮ የሚንቅ ሰው ይህን ቢያስብ ደግ ነው።

እኛ አገር የድሮ መኪና ማደስ ከፍቅር በተጨማሪ ሌላ ምክንያትም አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እጅ ላይ ያለውን መጠበቅ ግድ ሆኗል።

ወደ ዳሽቦርዱ እንመለስ። የቀድሞዋ ቮልስ ዳሽቦርድ ላሜራ ነው፤ የሚቀባውም በመኪናዋ ቀለም ነው። ላዩ ላይ ያለው ጥቂት ነው፦ አንድ ክብ የፍጥነት መለኪያ፣ ሁለት ሦስት ማብሪያ፣ የሬዲዮ ቦታ፣ የዕቃ መያዣ ኪስ። የሙቀት መለኪያ የላትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነዳጅ መለኪያ እንኳ አልነበራትም፤ ሞተሩ መታነቅ ሲጀምር ነጂው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን ማዞሪያ ገልብጦ በመጠባበቂያ በቀረችው ጥቂት ሊትር ማደያ ይፈልጋል። ጥቂት ነገር ያለበት ፊት ላይ ደግሞ ትንሿ ጉድለት ጎልታ ትታያለች።

ዳሽቦርዱን ለመሥራት መሪው ሥር መንጋለል የለም። የፊቱን ኮፈን መክፈት ነው። ሞተር ፍለጋ ያጎነበሰ ሰው የሚያገኘው ሰልባትዮና ስኮርታ ነው። በብዙዎቹ የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ሞዴሎች መስተዋት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው ከዚሁ ስኮርታ የሚመጣ ነፋስ ነው። ከእነሱ ወዲያ ያለውን ካርቶን ሲያነሳ የዳሽቦርዱ ጀርባ ፊት ለፊቱ ይገጥማል፦ የሽቦ ጥቅል፣ የመለኪያው ቆርቆሮ ጀርባ፣ ጥቃቅን የአምፖል መያዣዎች። ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ግን ኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ መንቀል አለበት፤ ከሚሠራበት አጠገብ ያለው የቤንዚን ጋን (ሰልባትዮው) ነውና በአንዲት ብልጭታ መቀለድ አይቻልም።

የፍጥነት መለኪያው ከጀርባው በሁለት ብሎን ብቻ ተይዟል። የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ገመድ ነው፤ ገመዱ የሚነሳው ከግራው የፊት ጎማ ነው። የጎማው እምብርት ላይ የግራሶ ክዳን አለ፤ የገመዱ አራት ማዕዘን ጫፍ በክዳኑ መሀል አልፎ በትንሽ መቆለፊያ ይያዛል። ጎማው ሲዞር ክዳኑ ይዞራል፤ ክዳኑ ገመዱን፣ ገመዱም መለኪያው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ አጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ሳህን ሳይነካው ይጎትተዋል፤ ቀጭን ሞላ ደግሞ ሳህኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ቀስቱ የሚቆመው የሁለቱ ትግል ሚዛን ላይ ሲደርስ ነው። ሞተር ሳይክል ለጠገነ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከፊት ጎማ የሚነሳ ገመድ እዚያም አለ። ቀስቱ ከተንቀጠቀጠ መለኪያውን ከመፍታት በፊት ገመዱ ደርቆ ወይም ተጠምዞ እንዳይሆን ማየት ይቀድማል። ገመዱ በድንገት መሥራት ካቆመ ደግሞ መቆለፊያውን ሳያወልቅ ክዳኑን የመነገለ ሰው ይኖራል።

በመለኪያው ፊት ላይ ትንሿ ቀይ መብራት አለች፤ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። ቁልፉ ሲዞር ከባትሪው የተነሳው ኤሌክትሪክ በአምፖሉ አልፎ ገና ወዳልዞረው ዲናሞ ይሄዳል፤ መብራቱ ይበራል። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው የራሱን ማመንጨት ሲጀምር ከሁለቱም ወገን ያለው ቮልት ይስተካከልና መብራቱ ይጠፋል። እንግዲህ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ማራገቢያም ያዞራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ባትሪው መሞላት ያቆማል፤ ሞተሩም ነፋስ ያጣል። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ቆላ እየወረዱ ቀዩ በርቶ «ባትሪው እስኪያልቅ ይሄዳል» ያለ ሰው የሚያቃጥለው ሞተሩን ነው። የሙቀት መለኪያ በሌላት መኪና ላይ የዚህች አምፖል መያዣ ዝጎ መብራቷ ከጠፋ፣ መኪናዋ መናገሪያዋን አጥታለች ማለት ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል ነው። ባቲላሜራው ይጨርሳል፤ ስቱኮው ይላጋል፤ ቀለሙ ይቀባል፤ ከዚያ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ባልደረቀ ቀለም ላይ የጠበቀ ብሎን ዙሪያውን ይልጠዋል። ላሜራው በተበሳበት ሁሉ ሽቦ ከማለፉ በፊት ጎሚኒው ይገባል፤ ያለ እሱ የላሜራው ጠርዝ የሽቦውን ሽፋን ቀስ እያለ ይበላዋል። ቀጥሎ ሽቦው፣ ከዚያ ማብሪያዎቹ፣ በመጨረሻ መለኪያው ይገጠማል። ባትሪዋ 6 ቮልት ከነበረና ወደ 12 ከተቀየረ የመለኪያው አምፖሎችም አብረው ይቀየራሉ፤ አለበለዚያ ቁልፉ እንደዞረ ይቃጠላሉ።

ዕቃ ፍለጋው ሌላ ጉዳይ ነው። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያገለገለ መለዋወጫ ሲባልም መጀመሪያ የሚታሰበው እዚያው ያለው ሶማሌ ተራ ነው። ቢሆንም የሚገዛው ነገር ብዙ መሆን የለበትም። የደበዘዘ መለኪያ ይጸዳል፤ የደረቀ ገመድ ግራሶ ይቀባል፤ የዛገ የአምፖል መያዣ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ከሌላ መኪና የመጣ ዘመናዊ መለኪያ ለማስገባት ላሜራውን በመጋዝ መቁረጥ ግን አይመለስም። ዳሽቦርድ ማደስ ፊት ማሳመር ይመስላል እንጂ ዋናው ሥራ ከጀርባው ያለውን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ቮልሳችሁን ጋራዥ የምታስገቡ ሁሉ፣ አንድም ሽቦ ከመነቀሉ በፊት የዳሽቦርዱን ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በየሽቦው ላይም ወረቀት አስሩበት። ተገጥሞ ሲያልቅ ደግሞ ቁልፉን አዙሩ። ቀዩ መብራት ሳይበራ፣ ሞተሩ ሲነሳም ሳይጠፋ፣ የጀርባውን ካርቶን አታስመልሱ።