ለየትኛው ጎረቤት ይቀርባል?

የአንድ ሕፃን የሰውነት ሙቀት ተለክቶ 37.46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነ እንበል። ቁጥሩን ወደ ሙሉ ዲግሪ አጠጋጋ የተባለና ደንቡን በቃሉ የያዘ ተማሪ ከቀኝ ጫፍ ሊነሳ ይችላል። 6 ከ5 ይበልጣል፤ ስለዚህ 4 ወደ 5 ያድግና 37.5 ይሆናል። አሁን ጫፉ ላይ 5 ተቀምጧል፤ ስለዚህ 37 ወደ 38 ያድጋል። ተማሪው «5 ወይም ከ5 በላይ ከሆነ አንድ ጨምር፤ ከ5 በታች ከሆነ ጣለው» የሚለውን ደንብ አልረሳም፤ እንዲያውም በትጋት ሁለት ጊዜ ሠራበት። መልሱ ግን ስህተት ነው። 37.46 ከ37 የሚርቀው በ0.46፣ ከ38 የሚርቀው ደግሞ በ0.54 ነውና የሚቀርበው ለ37 ነው። በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ማርክ የምታስቀንስ ስህተት ከክፍል ውጭ ትኩሳት የሌለበትን ልጅ ትኩሳተኛ ታደርጋለች፤ 38 ዲግሪ በሕክምና ትኩሳትን ለመለየት በብዛት የሚሠራበት ወሰን ነውና።

ጥፋቱን በልጁ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። እንዴት እንደሚያጠጋጋ ተነገረው እንጂ ማጠጋጋት ምን እንደሆነ አልተነገረውም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪ ሪቻርድ ስኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ደንቡን ያለ ምክንያቱ ማወቅንና ምን እንደሚሠሩ ከነምክንያቱ ማወቅን ለያይቶ አሳይቶ ነበር። ክርክሩ ግን ዛሬም አልተዘጋም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጋራ የትምህርት መለኪያ የ5ኛ ክፍል ተማሪ አስርዮሽን ወደ ማንኛውም ቤት እንዲያጠጋጋ ሲጠይቅ፣ ይህን የሚያደርገው የቤት ዋጋን በመረዳት እንዲሆን በግልጽ አስቀምጧል። የዚህ ጽሑፍ አቋምም ከዚያ ወገን ነው። ማጠጋጋት የአንድ አኃዝ ጉዳይ ሳይሆን የጉርብትና ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩ በየትኞቹ ሁለት ጎረቤቶች መካከል እንዳለና ለየትኛው እንደሚቀርብ የማያይ ልጅ፣ መልሱን ቢያገኝ እንኳ ቁጥሩን አላገኘውም።

ለዚህ ትምህርት አማርኛ ጥሩ መነሻ አለው። የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት እንላለን። አኃዝ እንደ ተከራይ ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ባደረበት ቤት ነው። በ505 ውስጥ ያሉት ሁለቱ 5ዎች በመልክ አንድ ናቸው፤ አንደኛው አምስት መቶ፣ ሌላኛው አምስት ብቻ ያደረጋቸው ቤታቸው ነው። የግዕዝ ቁጥር አሠራር ከዚህ ይለያል። በግዕዝ 505 ሲጻፍ ፭፻፭ ይሆናል፤ መቶነቱን የሚናገረው ፻ የተባለው ራሱን የቻለ ምልክት እንጂ ቦታ አይደለም። ለዚህም ነው ግዕዝ ከ1 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 90፣ ለመቶና ለአስር ሺህ በተሰጡት 20 ምልክቶች ያለ ዜሮ የሚሠራው፤ ባዶ ቤት ስለሌለው ባዶ ቤት የሚጠብቅ ምልክት አያስፈልገውም። ሁለቱን አጻጻፎች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ የሚያይ ልጅ፣ ቤት ዋጋ ይሰጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ እይታ ይረዳል። ከነጥቡ በስተቀኝ ያለውም የዚያው መንደር ቅጥያ ነው፤ ወደ ቀኝ አንድ ቤት በተሻገርን ቁጥር ዋጋው በአስር ይከፈላል።

ተማሪዎች የሚሰናከሉት እዚያው ከነጥቡ ማዶ መሆኑን ጥናት አሳይቷል። ሎረን ሬስኒክና ባልደረቦቿ በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በፈረንሳይ ልጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያሳትሙ፣ ስህተቶቹ የግድየለሽነት ሳይሆኑ የራሳቸው ሥርዓት ያላቸው መሆናቸውን አመለከቱ። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ኬይ ስቴሲና ቪኪ ስታይንሊ ከ3,000 በላይ ተማሪዎችን አስርዮሽ በማወዳደር ፈትነው ተመሳሳይ ነገር አገኙ። አንዳንዱ ልጅ ረጅሙ ይበልጣል ብሎ 0.125ን ከ0.3 ያስበልጣል፤ ሌላው አጭሩ ይበልጣል ብሎ 0.3ን ከ0.45 ያስቀድማል። እኛ ዘንድ አነባበባችን ራሱ ለመጀመሪያው ስህተት በር ይከፍታል። 0.125ን «ዜሮ ነጥብ አንድ መቶ ሃያ አምስት» ብለን ካነበብን፣ ልጁ አንድ መቶ ሃያ አምስትን ከሦስት ጋር ማወዳደሩ ምን ይገርማል? «ዜሮ ነጥብ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት» ብሎ ማንበብ፣ ከዚያም «አንድ አስረኛ፣ ሁለት መቶኛ፣ አምስት ሺኛ» ብሎ መዘርዘር እያንዳንዱን አኃዝ ወደ ቤቱ ይመልሳል። የትኛው ቁጥር እንደሚበልጥ የማያውቅ ልጅ የትኛው እንደሚቀርብ ሊያውቅ አይችልም፤ ማጠጋጋት ከማወዳደር በፊት ሊሰጥ የማይገባውም ለዚህ ነው።

የቤቶቹ ስምም ጥንቃቄ ይሻል። «የአስር ቤት» እና «የአስረኛ ቤት» ለጆሮ በጣም ይቀራረባሉ፤ «አስረኛ» የሚለው ቃል ደግሞ በልጁ አፍ አስቀድሞ የተራ ቁጥር ነው፤ በፈተና አስረኛ የወጣ ተማሪ እንደሚባለው። መምህሩ «ከአስር አንድ እጅ» ብሎ ቢጀምር፣ ወይም ልጆች ከቤተሰብ የሚሰሙትን «አሥራት» የሚለውን ቃል ቢያነሳ፣ ትርጉሙ ከስሙ ይቀድማል። በገንዘብ ማስረዳትም ጠቃሚ ነው፤ ብር በ100 ሳንቲም ስለሚከፈል ባለ 10 ሳንቲሙ አስረኛ፣ ባለ 1 ሳንቲሙ መቶኛ ነው። ሆኖም ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። 3.45ን «ሦስት ብር ከአርባ አምስት» የሚል ልጅ በነጥብ የተለያዩ ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን እያየ ሊሆን ይችላል፤ 3.457 ሲመጣበት የሚያስቀምጥበት ቤት ያጣል። ባለ 1 እና ባለ 5 ሳንቲም ከገበያ እየጠፉ በሄዱበት ጊዜ ደግሞ ምሳሌው ራሱ ለብዙ ልጅ በእጁ ነክቶት የማያውቀው ነገር ሆኗል። ስለዚህ ከሳንቲሙ ጎን ሜትርና ሴንቲሜትር፣ ከሁሉም በላይ የቁጥር መስመር ሊኖር ይገባል።

አሠራሩ በአንድ ምሳሌ ይታይ። 6.738ን ወደ አስረኛ ቤት እናጠጋጋ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀጣዩ አኃዝ ስንት ነው?» አይደለም፤ «ይህ ቁጥር በየትኞቹ አስረኞች መካከል ነው?» የሚል ነው። ስድስት ከሰባት አስረኛ አልፏል፣ ስድስት ከስምንት አስረኛ አልደረሰም፤ ጎረቤቶቹ 6.7 እና 6.8 ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ የመካከሉን ነጥብ ይፈልጋል፤ እሱም 6.75 ነው። ሦስተኛው ቁጥሩ ከመካከሉ በየት በኩል እንደወደቀ ይጠይቃል፤ 6.738 ከመካከሉ በፊት ስለሆነ ለ6.7 ይቀርባል። ደንቡ ከዚህ በኋላ ቢመጣ ራሱን ያስረዳል። የመቶኛውን ቤት አኃዝ ብቻ ማየት የሚበቃው፣ እዚያ 3 ካለ ከኋላው የቱንም ያህል 9 ቢደረደር ቁጥሩ 6.74ን ማለፍ ስለማይችል ነው፤ 6.75 ደግሞ ከዚያም ይርቃል። የ37.46 ስህተትም እዚህ ይከስማል፤ በ37ና በ38 መካከል 37.5ን ያስቀመጠ ልጅ 37.46 ገና እንዳልደረሰ በዓይኑ ያያል። 4.97ን ወደ አስረኛ ማጠጋጋትም እንቆቅልሽ አይሆንበትም። ጎረቤቶቹ 4.9 እና 5.0 ናቸው፤ መልሱ 5.0 ነው፤ ዜሮዋም ጌጥ ሳትሆን እስከ አስረኛ ቤት ድረስ እንደታየ የምትመሰክር ናት።

ብርቱው ተቃውሞ ከመምህራን በኩል ይመጣል፤ ሊናቅም አይገባውም። ተማሪው ብዙ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር፣ ምዕራፉ ረጅም ነው፤ ፈተናው የሚጠይቀው ትክክለኛውን ምርጫ እንጂ ምክንያቱን አይደለም፤ ደንቡ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። እውነት ነው፣ በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ ግን የሚቆየው ስንት ነው? ትርጉም የሌለው ደንብ ከሌላ ትርጉም አልባ ደንብ ጋር በቀላሉ ይደባለቃል። አንዱ ልጅ የሚጠጋጋውን አኃዝ ራሱን ይመዝናል፤ ሌላው 6.738ን 6.700 ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ከነጥቡ በስተግራ ባለው ቤት ይጀምራል። እነዚህን አንድ በአንድ ለማረም የሚባክነው ጊዜ በመጀመሪያ ከተቆጠበው ይበልጣል። ዘዴው ወጪም አይጠይቅም፤ በሰሌዳ ላይ አንድ መስመር፣ ሁለት ጫፍ፣ አንድ መካከል ይበቃዋል። ተማሪ በበዛበት ክፍል ውስጥ ገመድ ዘርግቶ ሁለት ልጆችን ጫፍና ጫፍ ማቆም፣ ሦስተኛውን ቁጥር ይዞ ቦታውን እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል። ደንቡ ጠላት አይደለም፤ የተረዱትን ነገር የሚያሳጥር መደምደሚያ ነው። የምንከራከረው መደምደሚያው መግቢያ እንዳይሆን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ረቀቅ ያለ ነው። ሁሉም ነገር በቅርበት የሚወሰን ከሆነ 6.75 ለምን ወደ 6.8 ይሄዳል? ከሁለቱም እኩል ይርቃልና። ትክክለኛው መልስ ይህ ስምምነት መሆኑን ለልጁ በሐቅ መንገር ነው። በትምህርት ቤት ወደ ላይ እንወስደዋለን ብለን ተስማምተናል፤ ኮምፒውተሮች በብዛት የሚከተሉት ዓለም አቀፍ መለኪያ ግን እንዲህ መሐል ላይ ያረፈ ቁጥር ሲገጥመው የመጨረሻ አኃዙ በ2 ያለ ቀሪ ወደሚካፈለው ጎረቤት ይወስዳል፤ ለምሳሌ 2.5ን ወደ 2፣ 3.5ን ወደ 4። ይህን መስማት ልጅን አያደናግርም። እንዲያውም በሒሳብ ውስጥ የማይቀየር እውነት የትኛው እንደሆነ፣ ሰዎች ለሥራ እንዲመቻቸው የተስማሙበት የትኛው እንደሆነ መለየት ያስተምረዋል። 6.738 ለ6.7 መቅረቡን ማንም በስምምነት ሊያስቀረው አይችልም፤ የ6.75 ማረፊያ ግን የእኛ ውሳኔ ነው።

«ዛሬ ስልክ እያለ» የሚለውም ይነሳል። ስልክ የታዘዘውን ያሰላል፤ የትኛው ቤት መያዝ እንዳለበትና አኃዝ መጣል ከማጠጋጋት እንደሚለይ የሚያስበው ሰው ነው። በካናዳ የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ በ1,000 ነጥብ አዲስ የዋጋ መለኪያ አስጀመረ። መለኪያው በቀን 3,000 ጊዜ ያህል ሲታደስ፣ ኮምፒውተሩ ከሦስተኛው የአስርዮሽ ቤት በኋላ ያለውን ሳያጠጋጋ ይጥል ነበር። በየጊዜው የምትጣለው ከአንድ ሺኛ በታች የሆነች ቅንጣት ናት፤ ሁልጊዜ የምትጣለው ግን ወደ ታች ስለሆነ ተጠራቀመች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1983 መለኪያው ወደ 524.811 ወርዶ ሳለ ስሌቱ ሲታረም ትክክለኛው 1,098.892 ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የደረሰው ደግሞ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። የፓትሪዮት ፀረ ሚሳኤል ሥርዓት የሰከንድ አስረኛን በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ ቁጥር ሲይዝ ጫፉን ይቆርጥ ነበር፤ ከ100 ሰዓት ሥራ በኋላ ሰዓቱ በ0.34 ሰከንድ ያህል ተዛነፈ፤ የመጣውን የኢራቅ ስከድ ሚሳኤል ሳይመታ ቀረ፤ 28 አሜሪካውያን ወታደሮችም ሞቱ። ሁለቱንም ማሽኖች ያዘዛቸው ሰው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ሕፃናት የላይኛው ክንዳቸው ዙሪያ በጠባብ ሜትር ይለካል። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ልጅ ለከፋ የምግብ እጥረት ሕክምና ይመደባል፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ሳይደርስ ያለው በመካከለኛው ይያዛል። 11.7 የተለካውን ልጅ አስረኛውን ጥሎ «11» ብሎ የሚመዘግብ ሰው ልጁን ከክፍሉ አስወጥቶ ሌላ ክፍል ይከተዋል። ያቺን የአስረኛ ቤት የሚያነቡት በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ነገ ሜትሩን የሚይዙት ደግሞ ዛሬ በ5ኛ ክፍል ወንበር ላይ ያሉ ልጆች ናቸው። ለእነሱ መምህሩ ሊለውጥላቸው የሚገባው አንድ ጥያቄ ነው። «ስንት ይሆናል?» ከማለቱ በፊት «በማንና በማን መካከል ነው?» ይበላቸው። ይህን መመለስ የለመደ ልጅ ደንቡ ቢጠፋበት እንኳ ከቁጥሩ አድራሻ ተነስቶ መልሶ ያገኘዋል።